“ስላላመመኝ ነው የታመምኩት”

ለዛሬ ስለ ፍቅረኛሞች ኩርፊያ እጽፍላችኋለሁ ብዬ ቃል ገብቼ ነበር። ይቅርታ አድርጉልኝና ኩርፊያው ይቆየን። የዛሬው ጉዳይ የመጣው ከገዛ ቤቴ፣ ከገዛ አልጋዬ ነው።

አክስቴ ከወሎ ገጠር መጥታ እኔ አልጋ ላይ አብራኝ መተኛት ከጀመረች አምስት ወር ሆናት። የእናቴ ታናሽ ነች፤ ዕድሜዋ ገና አርባ ሁለት። ልጅ ሆኜ ለገና እነሱ ዘንድ ስሄድ፣ እሷ እንስራ ተሸክማ ዳገቱን ስትወጣው እኔ ባዶ እጄን አልደርስባትም ነበር። ዛሬ ፀጉሯ ረግፎ ሻሽ ከራሷ አይወርድም። ሰው ፊት ብዙም አታወራ፤ ወሬ የሚመጣላት መብራት ከጠፋ በኋላ ነው። አንድ ማታ አላስችል ቢለኝ፣ “ግን ምን ሆነሽ ነው እስከዚህ ድረስ የቆየሽው?” ብዬ ጠየቅኳት። ዝም አለች። የተኛች መስሎኝ ነበር። ከዚያ፣ “ልጄ፣ እኔ እኮ ስላላመመኝ ነው የታመምኩት” አለችኝ።

ሽምብራ የምታህል ነገር

ነገሩ እንዲህ ነው። አክስቴ ገላዋን ስትታጠብ ግራ ጡቷ ላይ ሽምብራ የምታህል ነገር እጇን ትነካታለች። አትቆጠቁጥ፣ አታሳክክ። ማን ይሙት፣ ለማያም ነገር ማን ሐኪም ቤት ይሄዳል? አረሙ ደረሰ፤ አጨዳው ተከተለ፤ ሽምብራዋም አደገች። ለጎረቤት ብታሳይ “ምች ነው” ተባለችና ቅጠል ተለጠፈላት። ጠበልም ተጠመቀች። በስንት ጉትጎታ ጤና ጣቢያ ስትሄድ ደግሞ፣ “ወተት ቋጥሮ ይሆናል” ተብላ ኪኒን ተሰጥቷት ተመለሰች። የሚገርማችሁ፣ የመጨረሻ ልጇን ጡት ካስጣለች አራት ዓመት አልፏት ነበር! አንድ ሰው እንኳን ይህን አልጠየቃትም።

ቆዳው ሲቆስል አጎቴ አንዱን በሬ ሸጠ። ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ አዲስ አበባ ተላከች። እዚህ መጥታም ወረፋ ነበር። ሽምብራዋን ከነካችበት ቀን አንስቶ ጡት ካንሰር መሆኑ እስኪነገራት አንድ ዓመት ተኩል አለፈ።

ሁለት ቤት አልፎ

እኛ ሰፈር፣ ሁለት ቤት አልፎ፣ አንዲት የባንክ ሠራተኛ አለች። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። እሷም ገላዋን ስትታጠብ ነው ያገኘችው፤ እሷንም አላመማትም። ግን በነጋታው ሐኪም ዘንድ ሄደች። በአልትራሳውንድ ታየች፤ በመርፌ ናሙና ተወሰደላት፤ ወሩ ሳይሞላ ቀዶ ሕክምናው አለቀ። መሥሪያ ቤቷ የሕክምና መድን ነበረው። እዚህ የጠፋውን መድኃኒት ውጭ አገር ያለው ወንድሟ ላከላት። ዛሬ ሥራዋ ላይ ነች፤ ታሞክሲፊን የሚባል ኪኒን በየቀኑ አንድ አንድ ትውጣለች፤ ለአምስት ዓመት ነው የታዘዘላት።

አክስቴም የጤና መድን ደብተር አላት። ነገር ግን መድኃኒቱ ከሆስፒታሉ ሲጠፋ “ከውጭ ግዙ” ይባላል። ደብተሩን ይዘን ውጭ ያለ ፋርማሲ ብንሄድ የሚጠይቁን ብር ነው።

አንድ በሽታ፣ ሁለት ሴት። አንዷ እግዜር የተቆጣት፣ አንዷ የታረቃት እንዳይመስላችሁ። ልዩነቱ ጊዜ ነው። ጊዜ ደግሞ ገንዘብና መንገድ ላለው፣ ለሚያውቅም ሰው ይረዝማል።

ቁጥሩስ ምን ይላል?

ይህ የእኛ ቤት ጣጣ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጋዜጣ ላይ ባላወጣሁት። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል በ2024 እ.ኤ.አ. ያወጣውን አንብቤ ደንግጫለሁ። በጣም በበለጸጉት አገሮች ከ12 ሴቶች አንዷን በዕድሜዋ ውስጥ ጡት ካንሰር ያገኛታል፤ በበሽታው የምትሞተው ግን ከ71 አንዷ ነች። በድሆቹ አገሮች ከ27 ሴቶች አንዷን ብቻ ያገኛታል፤ የምትሞተው ግን ከ48 አንዷ! እኛን የሚይዘን ጥቂት ሆኖ የሚገድለን ብዙ ነው ማለት ነው።

በአገራችን ሴቶችን ከሚያጠቁ የካንሰር ዓይነቶች አንደኛው ይኸው ነው፤ አብዛኞቹ ሐኪም ዘንድ የሚደርሱትም ከገፋባቸው በኋላ ነው። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት ለመላው አገር የሚሰጠው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ እንደ ጅማ ባሉ ከተሞች መጀመሩ ትልቅ ነገር ነው፤ ግን ከወሎ ገደል ጅማም ሩቅ ነው። ድርጅቱ አንዲት ሴት ጤና ተቋም ከረገጠች በ60 ቀን ውስጥ ምርመራዋ ማለቅ አለበት ይላል። የአክስቴን በጣቴ ቆጠርኩት። ጤና ጣቢያ ከሄደችበት ቀን ጀምሮ ከሁለት መቶ ቀን በላይ ነው።

እናንተስ?

እኔ ሐኪም አይደለሁም። አክስቴን ሳመላልስ ከሐኪሞችና ከነርሶች የሰማሁትን ግን ላካፍላችሁ።

ጡት ወይም ብብት ላይ ያለ አዲስ እብጠት፣ ባያምም ይታይ። መጀመሪያ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አያምምና። ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ከተቦረቦረ፣ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ደም መሰል ፈሳሽ ከወጣ፣ አንዱ ጡት ቅርጹን ከለወጠ ቀጠሮ አትስጡት። ራስን ለመዳሰስ የሚሻለው የወር አበባ ካለቀ ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው። እብጠት ሁሉ ካንሰር አይደለም፤ እንዲያውም ብዙው አይደለም። ይህን የሚለየው ግን ምርመራ እንጂ ጎረቤት አይደለም።

“ቢላ ከነካው ይሰራጫል” የሚለውን ወሬ ተዉት። በሽታው በመብላትም በመሳምም አይተላለፍም። ጠበል ለሚጠመቅም የአክስቴ የነፍስ አባት ያሏትን ልንገራችሁ፦ “ጠበሉንም ተጠመቂ፣ መድኃኒቱንም ውሰጂ፤ ሁለቱ አይጣሉም።” ወንዶች ሆይ፣ እናንተም አታምልጡ! ቁጥሩ በጣም ትንሽ ቢሆንም ወንድንም ይይዛል። ደግሞም የሚስታችሁ ጡት ሲቆረጥ ሚስትነቷ አልተቆረጠም።

ከሁሉ በላይ የምለምናችሁ አንድ ነገር አለ። እኛ ከተማ ያለነው ይህን አንብበን እንጠነቀቅ ይሆናል። አገር ቤት ያሉት እናቶቻችን ግን ይህች ጋዜጣ አትደርሳቸውም። ስትደውሉ ስለ ዝናቡና ስለ ከብቱ ከጠየቃችሁ በኋላ፣ “ጡትሽ ላይ እብጠት ነገር የለም ወይ?” በሏቸው። ያፍራሉ፤ ይቆጧችሁም ይሆናል። ጠይቁ።

ባለፈው እሁድ የባንክ ሠራተኛዋ ጎረቤታችን አክስቴን ልትጠይቅ መጣች። ቡና ላይ ሦስታችን ብቻ ስንቀር በሩን ዘጋችና በጡት መያዣዋ ውስጥ ራሷ የሰፋችውን ጥጥ አውጥታ አሳየቻት። አክስቴ በእጇ መዘን አደረገችውና፣ “ይሄማ ከድሮውም ያምራል!” ብላ ሳቀች። እኛ ቤት ከመጣች ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

ማታ መብራት ካጠፋን በኋላ፣ “አንቺስ ራስሽን ነካክተሽ ታውቂያለሽ?” አለችኝ። አላውቅም ነበር። ሰው የምመክረው እኔ! አፈርኩ። በነጋታው ጤና ጣቢያ ሄጄ ታየሁ፤ ምንም የለም ተባልኩ። አክስቴ አምስተኛውን ኬሞ ማክሰኞ ትወስዳለች። ካበቃች በኋላ ደግሞ ቀዶ ሕክምናው ይጠብቃታል።

ለዛሬ በዚህ ይብቃኝ። ኩርፊያውን ሳምንት እመለስበታለሁ። እስከዚያው ደውሉ። ቸር ይግጠመን!