በቆላ የሚሰንፍ የመኪና ኤሲ

የመኪና አየር ማቀዝቀዣ፣ በተለምዶ ኤሲ የሚባለው መሣሪያ፣ ከተሳፋሪው ክፍል ሙቀት እየለቀመ ከመኪናው ፊት ለፊት ወደ ውጭው አየር የሚያራግፍ ሥርዓት ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአዋሽ በኩል ወደ ሰመራ የሚወርድ መኪና ኤሲው ደጋ ላይ ደኅና ሠርቶ ቆላ ሲደርስ ቢሰንፍ፣ ቀድሞ የሚሰነዘረው ፍርድ ብዙውን ጊዜ «ጋዝ ጨርሷል» የሚል ቢሆንም፣ ከጋዙ መጠን አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው ሙቀቱ የሚራገፍበት መንገድ ነው።

ጋዝ የሚባለው በብዙ መኪኖች ውስጥ አር-134ኤ ሲሆን፣ የኦዞንን ንጣፍ ይጎዳ የነበረውን አር-12ን በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተካ፣ በባሕር ወለል ግፊት ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ የሚፈላ ኬሚካል ነው፤ በቅርብ ዓመታት በተሠሩ መኪኖች ደግሞ አር-1234ዋይኤፍ የተባለው ቦታውን እየወሰደ ነው። ኮምፕሬሰሩ በሞተሩ ቺንጋ እየተሽከረከረ የጋዙን ተን ያምቃል፤ የታመቀውና የጋለው ተን ከራዲያተሩ ፊት ወደተገጠመው ኮንደንሰር ገብቶ ሙቀቱን ለውጭው አየር ሲሰጥ ፈሳሽ ይሆናል፤ ፈሳሹም በኤክስፓንሽን ቫልቭ ጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ግፊቱ በድንገት ይወርድና ከዳሽቦርዱ ጀርባ ባለው ኢቫፖሬተር ውስጥ እየተነነ በላዩ ከሚነፍሰው የክፍሉ አየር ሙቀት ይስባል።

ከእነዚህ ክፍሎች መካከል ቆላ አብልጦ የሚፈትነው ኮንደንሰሩን ነው። ሙቀት በራሱ የሚፈሰው ከጋለው ወደ ቀዝቃዛው ስለሆነ፣ በኮንደንሰሩ ውስጥ ያለው ጋዝ ከውጭው አየር ይበልጥ መጋል አለበት፤ ልዩነቱ 20 ዲግሪ ነው ቢባል፣ በ25 ዲግሪ አየር በጌጅ 11 ባር ገደማ የሚበቃው ግፊት በ40 ዲግሪ አየር ወደ 16 ባር ይወጣል። የኮንደንሰሩ ክንፎች በአቧራና በነፍሳት ከተደፈኑ ወይም ፋኑ ካልዞረ ግፊቱ ከዚህም ያልፋል፤ በብዙ መኪኖች 30 ባር አካባቢ ሲደርስ የግፊት መቆጣጠሪያው ጉዳት እንዳይደርስ ኮምፕሬሰሩን ያቆመዋል። ምልክቱ በቀላሉ ይለያል፦ መኪናው በፍጥነት ሲሄድ ንፋሱ የፋኑን ሥራ ስለሚሸፍን ኤሲው ያቀዘቅዛል፣ ኬላ ላይ ወይም በመኪና መጨናነቅ ሲቆም ግን ሞቃት አየር መስጠት ይጀምራል። በዚህ ጊዜ ኮንደንሰሩ ላይ ውሃ ሲረጭ ቅዝቃዜው ከተመለሰ ጥርጣሬው ይጠናከራል፤ ወጪ የማይጠይቀው ይህ ሙከራ ጌጅ ከመሰካቱ በፊት መደረጉ ይመረጣል።

ጌጁ ሲሰካ ደግሞ ዝቅተኛውና ከፍተኛው ግፊት አብረው ካልተነበቡ ምርመራው ያሳስታል። ሁለቱም ዝቅ ካሉ ጋዙ ሾልኮ ሊሆን ይችላል፤ ዝቅተኛው ከፍ፣ ከፍተኛው ዝቅ ብሎ ከተቀራረቡ የደከመው ኮምፕሬሰሩ ነው፤ ሁለቱም ከልክ በላይ ከወጡ ግን ሙቀቱ አልተራገፈም፣ ወይም ጋዙ በዝቷል፣ ወይም አየር ገብቷል፤ በዚህ ሁኔታ ጋዝ መጨመር በሽታውን ማባባስ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ የሚነበበው ግፊትማ ስለ መጠኑ የሚናገረው እጅግ ጥቂት ነው፤ በ30 ዲግሪ ሙቀት አር-134ኤ በውስጡ ፈሳሽ እስካለ ድረስ ሙሉም ሆነ ጎዶሎ 6.7 ባር ገደማ ያሳያል፣ የቡታጋዝ ሲሊንደር ግማሹ ካለቀም በኋላ ግፊቱ እንደማይወርደው ማለት ነው። ስለዚህ አስተማማኙ መንገድ ጋዙን በመሣሪያ ስቦ ማውጣት፣ ሥርዓቱን በቫኪዩም ፓምፕ ማድረቅና በኮፈኑ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ የተጻፈውን ግራም በሚዛን ለክቶ መሙላት ነው። እዚህ ላይ የደጋ መካኒክን ሊያደናግር የሚችል ነገር አለ፦ በባሕር ወለል ልክ የተጻፉ መመሪያዎች ወደ 29 ኢንች ሜርኩሪ ቫኪዩም ሲጠይቁ፣ በአዲስ አበባ ከፍታ የከባቢ አየሩ ግፊት ራሱ 23 ኢንች ያህል ብቻ በመሆኑ፣ ፓምፑ ጤነኛ ቢሆንም የጌጁ መርፌ ከዚያ አያልፍም።

ጌጁ ስለ መንስኤው ብዙ የማይናገርለት ሌላ እንከን ደግሞ አለ። ኮምፕሬሰሩን ከቺንጋው ፑሊ ጋር የሚያያይዘው ማግኔት ክላች በመዳብ ሽቦ ጥቅል የሚሠራ ሲሆን፣ የመዳብ የኤሌክትሪክ መከላከል ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በ0.4 በመቶ ገደማ ስለሚያድግ፣ ጥቅሉ በሞተሩ ትኩሳት ከ20 ወደ 100 ዲግሪ ሲግል በውስጡ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ በሩብ ያህል ይቀንሳል። ክላቹ በአገልግሎት ብዛት አልቆ ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰው ክፍተቱ ከሰፋ፣ የተዳከመው ማግኔት ሳህኑን መሳብ ይሳነዋል፤ መኪናው ጥቂት ቆሞ ሲበርድ ግን ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ይሠራል። ማረጋገጫው ኤሲው በቆመበት ቅጽበት ሽቦው ላይ የሚደርሰውን ቮልቴጅ መለካት ነው፤ 12 ቮልት ገደማ እየደረሰ ሳህኑ ካልተያዘ፣ መፍትሔው ክፍተቱን ማጥበብ ወይም ክላቹን መለወጥ እንጂ ጋዝ መሙላት አይደለም።

ከዳሽቦርዱ የአየር መውጫ የሚነፍሰው አየር መጠኑ ራሱ እየሳሳ ሄዶ ከቆመ ደግሞ ኢቫፖሬተሩ በረዶ ጋግሯል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ኮምፕሬሰሩ ጠፍቶ የክፍሉ ንፋስ ብቻ ጥቂት ሲነፍስ አየሩ ከተመለሰና ከመኪናው ሥር ብዙ ውሃ ከተንጠባጠበ፣ የኢቫፖሬተሩን ሙቀት የሚለካው ሴንሰርና የአየር ማጣሪያው ይታያሉ።