የተያያዘ ጽሑፍ፤ የቸኮለው ልጁ ነው ወይስ ወላጁ?

መስከረም ጠብቶ ትምህርት ቤት ሲከፈት የሚጨነቀው የወላጅ ኪስ ብቻ አይደለም፤ የልጅ ጣትም ይጨነቃል። መጽሐፉ ተገዝቶ፣ ደብተሩ ተለብዶ፣ እርሳሱ ተቀርጾ ካለቀ በኋላ ማታ ማታ በየቤቱ አንድ ክርክር ይነሣል። «የጎረቤት ልጅ እንግሊዝኛውን እያያያዘ ይጽፋል፤ የኛ ልጅ አሁንም አንድ በአንድ ነው የሚለቅመው። ምን ሆኖ ነው?» ይላል አንዱ ወገን። «ተዪው እባክሽ፣ ገና ሕፃን ነው፤ ሲያድግ ይለምደዋል» ይላል ሌላው። ክርክሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ብዙ ጊዜ የሚያበቃው ግን በልጁ እንባና በተቀደደ ገጽ ነው።

አንዲት እናት የሆነችውን እንመልከት። ልጇ ስድስት ዓመት ከመንፈቅ ነው፤ አንደኛ ክፍል። ጎበዝ እንዲሆንላት ብላ አራት መስመር ያለው የእጅ ጽሑፍ ደብተር ገዛችለት፣ አስጠኚ ቀጠረችለት፣ በየቀኑ አንድ ሰዓት ከርሲቭ ማጻፍ ተጀመረ። ሁለት ወር ሳይሞላ የአማርኛ መምህሩ የልጁን ደብተር በቀይ እስክሪብቶ ሞልተው መለሱላት። ልጁ አማርኛውንም ማያያዝ ጀምሯል! ሀው ወደ ጎን ተጋድሟል፣ ለው ከበው ጋር ተጣብቋል። እሱም «እጄን አመመኝ» ማለት አበዛ። እናትየው «ስንፍና ነው» አለች። አባትየው «የምን ስንፍና? አንቺ ነሽ ያደከምሽው!» አለ። ቤቱ ተበጠበጠ።

ልጁ ሰነፍ አይደለም። የተሸከመው ከበደው እንጂ።

ሁለት ፊደል፣ ሁለት ጠባይ

ከርሲቭ የምንለው የተያያዘ ጽሑፍ አንድን ቃል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እርሳሱን ከወረቀቱ ሳያነሡ ለመጻፍ የሚሞከርበት አጻጻፍ ነው። ይህ የላቲኑ ፊደል ጠባይ ነው። የኛ ፊደል ግን እያንዳንዱ ለብቻው ይቆማል። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ እነ ሏ እና ቋ ሳይቆጠሩ። አንዱን ከሌላው የምትለየው ምልክት ደግሞ ትንሽ ናት። ለ ወገቡ ላይ ጭረት ሲጨመርለት ሉ ይሆናል፤ ያቺው ጭረት እግሩ ሥር ስትወርድ ሊ ይሆናል፤ ግራ እግሩ ሲያጥር ደግሞ ላ። እጁ ገና ያልጸና ልጅ ሲቸኩል ያቺ ጭረት ትጠፋለች። ጭረቷ ስትጠፋ «ሊበላ» ብሎ የጻፈው «ለበላ» ሆኖ ይነበባል። የሚበላውና የበላው ተምታቱ ማለት ነው!

በጥንቱ የቄስ ትምህርት ቤት ንባብና ጽሕፈት የተለያዩ ነበሩ። ልጁ ፊደል ቆጥሮ ዳዊት እስኪደግም ድረስ ብዕር ላይጨብጥ ይችላል። ጽሕፈት ብራና ፍቆ፣ መቃ ቀርጾ፣ ጥቁሩንና ቀዩን ቀለም አዘጋጅቶ የሚሠራ የባለሙያ ሥራ ነበር። ስሙም «ቁም ጽሕፈት» ነው። ዓይን ይቀድማል፣ እጅ ይከተላል።

የዛሬው ልጅ እንዲህ ያለ ፋታ የለውም። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ ካደረገ ወዲህ፣ ልጁ በአንድ ጊዜ ሁለት ፊደል ይለምዳል። እስቲ እንደምረው፤ የኛው 231፣ የእንግሊዝኛው ትልቁም ትንሹም ተደምሮ 52፣ በጠቅላላው 283 ቅርጽ። ከርሲቭ ሲጨመርበት ሌላ 52 መጣ። የብዙ አገር ልጅ አንድ ፊደል ብቻ ነው የሚማረው። ስለዚህ «የውጭ አገር ልጆች በስድስት ዓመታቸው ይጽፉታል» ብሎ ልጅን ማስጨነቅ ሚዛኑ ልክ አይደለም።

የሠለጠነው ዓለምስ ምን ይላል?

የሠለጠነው ዓለም ራሱ አልተስማማም። ፈረንሳዮች ልጆቻቸውን ገና በስድስት ዓመታቸው፣ አንደኛ ክፍል ሲገቡ የተያያዘውን ያስጽፋሉ። ፊንላንዶች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ ላይ በዋለው ሥርዓተ ትምህርታቸው የተያያዘው ጽሑፍ ግዴታ መሆኑን አስቀርተው ጊዜውን ለቁም ፊደሉና ለኮምፒዩተር ጽሕፈት ሰጡ። አሜሪካኖቹ ግራ እንደተጋቡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 ብዙ ክፍለ ግዛቶች የተቀበሉት የጋራ የትምህርት መለኪያ ከርሲቭን አላካተተም ነበር። ቆይቶ ግን አንዳንዶቹ በሕግ መለሱት። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣችው ሕግ ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል እንዲሰጥ ወስናለች።

ፊንላንዳዊው ልጅ ከርሲቭ ስላልተማረ ደንቆሮ አልሆነም። ፈረንሳዊውም ስለተማረ ሊቅ ሆኖ አልተወለደም። ነገሩ የሞት ሽረት ጉዳይ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ጥቅሙ የቱ ላይ ነው?

በእጅ መጻፍ አእምሮን እንደሚያነቃ የሚናገሩ ጥናቶች አሉ፤ እውነትም ነው። ዳሩ ግን ብዙ ወላጅ አንድ ነገር ይዘነጋል። ከእነዚህ ጥናቶች ብዙዎቹ ያወዳደሩት በእጅ መጻፍን በኮምፒዩተር ከመጻፍ ጋር እንጂ የተያያዘውን ካልተያያዘው ጋር አይደለም። በአሜሪካው ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ ጥናት ማንበብ ያልጀመሩ የአምስት ዓመት ልጆችን ተመልክቷል። ልጆቹ ፊደልን እያዩ በእጃቸው ጻፉ፣ ቁልፍ ነክተው ጻፉ፣ በተሠራ መስመር ላይም ሄዱ። ኋላ በምርመራ መሣሪያ ሲታይ፣ ለንባብ የሚያገለግለው የአንጎላቸው ክፍል የነቃው በገዛ እጃቸው ለጻፉት ፊደል ነው። በነጥብ መስመር ላይ መሄዱ ያን ያህል አልረዳም። የጻፉት ደግሞ ተራውን ቁም ፊደል ነበር።

ይህ ለወላጅ ሁለት ትምህርት ይሰጣል። አንደኛ፣ ጥቅሙን ለማግኘት ማያያዝ የግድ አይደለም፤ ተራው ሀ ሁ ይበቃል። ሁለተኛ፣ በነጥብ የተሞላውን የልምምድ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ማስጨረስ ብዙ ዋጋ የለውም። አንድ ፊደል አሳይቶ «አሁን አንተ ጻፈው» ማለት ይበልጣል። ቢንጋደድም ይንጋደድ፤ የራሱ ነው።

«ፍጥነቱስ?» የሚል ይኖራል። እርግጥ ልጁ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ መምህሩ ሰሌዳውን ሳያጠፉ መገልበጥ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ የአሜሪካኖች ጥናት ከአራተኛ እስከ ዘጠነኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎችን ሲመለከት፣ ፈጣኖቹ ንጹሕ ከርሲቭ የሚጽፉትም ንጹሕ ቁም ፊደል የሚጽፉትም ሆነው አልተገኙም። ፈጣኖቹ ሁለቱን የሚያደባልቁት ነበሩ! የራሳችሁን እጅ ጽሑፍ አውጥታችሁ ተመልከቱ፤ እንዲሁ ሳይሆን አይቀርም።

ሆኖም ከርሲቭ ጭራሹን ከንቱ ነው አንልም። ልጁ ሰው የጻፈለትን የተያያዘ ጽሑፍ ማንበብ መቻል አለበት። አንድ ቀን ባንክ ቤት ፊርማ ይጠየቃል። ደግሞም ትንሹ ቢ እና ትንሹ ዲ የሚምታቱበት ልጅ ካለ፣ በተያያዘው አጻጻፍ ሁለቱ ቅርጻቸው ስለሚለያይ መለየቱ ሊቀለው ይችላል።

እና መቼ?

በዚህ አምድ እምነት ልጁ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ሦስተኛ ሲገባ፣ ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆነው ቢጀምር አይዘገይም። ከዕድሜው ይልቅ ግን ምልክቱን ይዩ።

1ኛ. አማርኛ ቃል ሲነገረው የፊደል ገበታ ሳያይ ይጽፋል? ሉን ከሊ፣ ሰን ከሸ አያምታታም?

2ኛ. የእንግሊዝኛው ቁም ፊደል መስመሩን ይዞ ይቀመጥለታል? እያንዳንዱ ፊደል ከየት እንደሚነሣ ያውቃል?

3ኛ. እጁ ሳይዝልና ሳያማርር አሥር ደቂቃ ያህል ይጽፋል?

4ኛ. «እኔም እንደ ትልቅ ሰው ልጻፍ» ብሎ ራሱ ይጠይቃል?

አራቱም ከተሟሉ ይጀምሩ። ከሦስቱ የመጀመሪያዎቹ አንዱ ከጎደለ ከርሲቩን ትተው የጎደለውን ይሙሉ። አራተኛው ብቻ ከጎደለ ደግሞ ምን አስቸኮለዎት? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ትምህርት ቤቱ ቀደም ብሎ የሚጠይቅ ከሆነስ? መምህሯን ሄደው ያነጋግሩ። የትኛውን ዓይነት አጻጻፍ እንደምታስተምር ይጠይቁና ያንኑ ብቻ በቤት ያግዙ። እርስዎ ድሮ በተማሩት፣ አስጠኚው በሚያውቀው፣ መምህሯ በምታዘው በሦስት ዓይነት ከተጎተተ ልጁ አንዱንም ሳይይዝ ይቀራል።

እንዴት ይጀመር?

ከማስጻፍ በፊት ማስነበብ ይቀድማል። የልጁን ስም፣ የእህቱን ስም፣ የከተማውን ስም በተያያዘ ጻፉና እንደ እንቆቅልሽ ያንብብ። ሳምንት ሁለት ሳምንት ቢጫወትበት ዓይኑ ይለምዳል።

ቀጥሎ ቅርጻቸው የሚመሳሰሉትን በቡድን መያዝ ነው። ሲ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ኦ እና ኪው ሁሉም በሲ ቅርጽ ነው የሚጀምሩት። ሲን የያዘ ልጅ አምስቱን አገኘ ማለት ነው። ከዚያ ከመስመሩ ወደ ላይ የሚነሡት አይ፣ ቲ እና ዩ ይከተላሉ። ከዚያ ረጅም ቀለበት ያላቸው ኤል፣ ኤች፣ ኬ። ኤን እና ኤም ከእነሱ በኋላ ይምጡ። ትልልቆቹን ፊደላት መጨረሻ ላይ ያድርጓቸው፤ በቁም ፊደል ቢቀሩም ምንም አይደል።

ሰዓቱ በቀን አሥር ደቂቃ፣ በሳምንት አራት ቀን ይበቃል። መጀመሪያ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ፣ ወይም አሸዋ ላይ በጣቱ በትልቁ ይጻፍ፤ ደብተር ኋላ ይደረሳል። ሲቀመጥ እግሩ መሬት ይንካ፤ ካልደረሰለት ከሥሩ ሣጥን ያድርጉለት። ደብተሩን በትንሹ ያዘንብለው። ከገጹ ሁሉ ያማረችውን አንዷን ፊደል እሱ ራሱ ይምረጥና ያክብባት። ስሕተቱን በቀይ ከማክበብ ይህ ይሻላል።

ግራኝ ልጅ ካለዎት

በግራው የሚጽፈውን ልጅ እጁን እየመቱ ወደ ቀኝ መመለስ እንደ ጥሩ አስተዳደግ የተቆጠረበት ዘመን ነበር፤ አሁንም በአንዳንድ ቤት አልቀረም። ይተዉት! ግራኝነት ጥፋት አይደለም። የሚያስፈልገው ሌላ ነገር ነው። ደብተሩን ከቀኙ ልጅ በተቃራኒ፣ ራሱን ወደ ቀኝ ያዘንብሉለት። እርሳሱን ከጫፉ ትንሽ ከፍ አድርጎ ይያዝ፤ አለዚያ የጻፈውን በእጁ ይሸፍነዋል፣ ያጠፋዋልም። ክፍል ውስጥ ከቀኝ ጸሐፊ ጋር ክርን ለክርን እንዳይጋጭ በአግዳሚው ግራ ጫፍ ቢቀመጥ ይመቸዋል።

ስንፍና ያልሆነ ነገር

ስምንት ዓመት አልፎት፣ ተምሮም ተለማምዶም ፊደል የሚገለብጥ፣ መስመር የሚስት፣ በቃል የሚመልሰውን በጽሑፍ የሚያቅተው ልጅ ካለ «ሰነፍ» ብለው አይዝጉት። ፊቱን ደብተሩ ላይ ደፍቶ የሚጽፍ ከሆነ መጀመሪያ ዓይኑን ያስመርምሩ። ዓይኑ ደህና ከሆነ ከመምህሩ ጋር ቁጭ ብለው ይወያዩ። አእምሮው ብሩህ ሆኖ እጁ ብቻ የማይታዘዝለት ልጅ አለ። እንዲህ ያለውን ልጅ ከርሲቭ ሳይሆን ትዕግሥትና ተጨማሪ ጊዜ ነው የሚያድነው።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ ማሳሰብ እንወዳለን። ጽሕፈትን ቅጣት አታድርጉት። «አልረብሽም ብለህ መቶ ጊዜ ጻፍ» የተባለ ልጅ የሚማረው ጨዋነትን ሳይሆን እርሳስ መጥላትን ነው። እርሳስ የጠላ ልጅ ደግሞ ኋላ ደብተርን፣ መጽሐፍን፣ ትምህርት ቤትን ይጠላል። ያን ጊዜ የትኛውም ያማረ እጅ ጽሑፍ አይመልሰውም።

አገር አቀፉ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና እንደሆነ ምርጫ ነው፤ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ከተፈታኞቹ ከፊሉ በኮምፒዩተር ተፈትኗል። ከትምህርት ቤቱ የእጅ ጽሑፍ ክፍለ ጊዜ በቀር ልጅዎ ከርሲቭ ስላልቻለ የሚወድቅበት ፈተና የለም። የሚነበብ አማርኛ፣ የሚነበብ እንግሊዝኛ ይጻፍ፤ ይህ ግዴታው ነው። ማያያዙ ደግሞ ሲደርስለት የሚጨመር ጌጥ ነው። ጌጥ በልቅሶ አይታሰርም።