ላባ፣ ሸሚዝና ዶቃ፦ የላኮታ መሪዎች የማዕረግ ልብስ

ስለ አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ሲነሣ በብዙዎቻችን አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው በንስር ላባ የተከበበ ኮስታራ ፊት ነው። ይህን ምስል በዓለም ዙሪያ ካሠራጩት መካከል በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የተነሡት የላኮታ መሪዎች ፎቶግራፎች ግንባር ቀደም ናቸው። ላኮታዎች ሱ በሚል ስም የሚታወቀው ትልቅ ሕዝብ ምዕራባዊ ክፍል ሲሆኑ፣ ኦግላላን፣ ሁንክፓፓን፣ ሲቻንጉንና ሚኒኮንጁን ጨምሮ ሰባት ነገዶች አሏቸው። ዛሬ ፓይን ሪጅ፣ ሮዝበድና ስታንዲንግ ሮክን የመሳሰሉት የተከለሉ ግዛቶቻቸው የሚገኙት በደቡብና በሰሜን ዳኮታ ነው።

በፎቶዎቹ ላይ የሚታየውን ልብስ ብዙ ሰው እንደ ጌጥ ብቻ አይቶ ያልፈዋል። ለላኮታዎች ግን ልብሱ መዝገብ ነው። ለባሹ ምን እንደ ሠራ፣ ሕዝቡ ምን ኃላፊነት እንደ ሰጠው፣ ማን እንደ ሰፋለት የሚነበበው ከልብሱ ላይ ነው። ለማንበብ ደግሞ እያንዳንዱን ነገር ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

የላባው አክሊል

አክሊሉ የሚሠራው በአብዛኛው ከወርቃማ ንስር የጅራት ላባ ነው። በጣም የሚፈለገው ገና ያልጎለመሰው ንስር ላባ ነው፤ ግንዱ ነጭ፣ ጫፉ ጥቁር ቡናማ ነው። መሠረቱ ከለፋ ቆዳ ወይም ከአሮጌ ባርኔጣ የተቆረጠ ቆብ ነው። የእያንዳንዱ ላባ ሥር በቆዳ ጠፍር ቀለበት ይበጅለታል፤ በላዩም ቀይ የሱፍ ጨርቅ ይጠመጠምበታል። ላባዎቹ በቀለበታቸው በኩል በጠፍር ተሰክተው ከቆቡ ጋር ይያያዛሉ እንጂ ተሰፍተው አይጣበቁም። አንድ ቀጭን ክር ደግሞ በወገባቸው አልፎ እርስ በርስ ያያይዛቸዋል። ለባሹ ሲራመድ ወይም ሲጋልብ አክሊሉ እንደ ሕያው ነገር የሚንቀሳቀሰው በዚህ አሠራር ምክንያት ነው። ግንባሩ ላይ በዶቃ ወይም በጃርት እሾህ የተሠራ ጥብጣብ ይውላል፤ ከጆሮ ግራና ቀኝ በበረዶ ወራት ፀጉሩ የሚነጣው ኧርሚን የተባለ ትንሽ አውሬ ቆዳ ይንጠለጠላል።

ላባ በገንዘብ አይገኝም፤ በሥራ ነው የሚገኘው። ከፍ ያለ ክብር ያስገኝ ከነበረው ጀብዱ አንዱ ጠላትን ከመግደል ይልቅ በውጊያ መካከል ተጠግቶ በእጅ ወይም በበትር መንካት ነበር። የሁንክፓፓው መሪ ሲቲንግ ቡል የመጀመሪያውን ነጭ ላባ ያገኘው በ14 ዓመቱ እንዲህ ያለ ጀብዱ ፈጽሞ እንደ ሆነ ይነገራል። ዴቪድ ባሪ ባነሣው ዝነኛ ፎቶ ላይ በራሱ ላይ የሚታየው አንድ ላባ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1885 ቡፋሎ ቢል የተባለው ሰው ከሚመራው ተጓዥ ትርዒት ጋር በተጓዘበት ወቅት በሞንትሪያል በዊልያም ኖትማን ፎቶ ቤት ሲነሣ ግን ሙሉ አክሊል ደፍቷል። ሁለቱም ምስሎች እውነተኛ ናቸው፤ ሁለተኛውን ስናይ ግን የትርዒት ተመልካች ምን ማየት ይፈልግ እንደ ነበር አብረን ማሰብ አለብን።

ሸሚዝ ለባሾች

ከአክሊሉ ይልቅ የመሪነትን ሸክም የሚያሳየው ሸሚዙ ነው። ከተራራ በግ ወይም ከአጋዘን ቆዳ ይሠራል፤ በትከሻውና በእጅጌው ላይ በጃርት እሾህ ወይም በዶቃ የተሸፈነ ሰፊ ጥብጣብ ይሰፋበታል፤ ከጥብጣቡ ጠርዝም የፀጉር ዘርፍ ይወርዳል። ይህን ዘርፍ የውጭ ተመልካቾች ብዙ ጊዜ ከጠላት ራስ የተገፈፈ ነው ይሉት ነበር። ብዙው ግን ዘመድና ወዳጅ፣ በተለይም ሴቶች፣ ከራሳቸው ቆርጠው የሰጡት ወይም የፈረስ ፀጉር ነው። መሪው በትከሻው ላይ የሚጠብቀውን ሕዝብ ተሸክሞ ይሄዳል ማለት ነው።

በኦግላላዎች ዘንድ ሸሚዝ መልበስ ሹመት ነበር። የተመረጡት ሰዎች ከራሳቸው ጥቅም የሕዝቡን እንዲያስቀድሙ፣ ለድኾችና ለመበለቶች እንዲያስቡ ይጠበቅባቸው ነበር። ሸሚዙ ብዙ ጊዜ ከላይ ሰማያዊ፣ ከታች ቢጫ ይቀባል። ሹመቱ ሊነጠቅም ይችል ነበር። ዝነኛው ተዋጊ ክሬዚ ሆርስ ከሸሚዝ ለባሾች አንዱ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1870 ገደማ የሌላ ሰው ሚስት ይዞ በመሄዱ በተነሣ ጠብ ማዕረጉን አጣ። ስለ እርሱ ሲነሣ አንድ ነገር ማወቅ ይበጃል፦ እውነተኛነቱ የተረጋገጠ የክሬዚ ሆርስ ፎቶግራፍ የለም።

የሴቶች እጅ

በፎቶው ላይ የምናየው ወንዱን ነው፤ የለበሰው ግን የሴት ሥራ ነው። ቆዳውን የምትፍቀው፣ የምታለፋውና የምትሰፋው ሴት ናት። የጃርት እሾህ ተለቅሞ በመጠን ይለያል፣ ቀለም ይነከራል፣ በአፍ ረጥቦ ይለሰልሳል፣ በጥርስ ተስቦ ይደፈጠጣል፤ ከዚያ ቆዳው በወስፌ እየተበሳ በጅማት ክር ይጠለፋል። ላኮታዎች ይህን ጥበብ ለሴቶች የሰጠቻቸው በሕልም የምትገለጽ መንፈሳዊት ሴት ናት ብለው ያምናሉ። ጀግናው ላባውን እንደሚቆጥር ባለሙያዋም ሥራዋን ትቆጥራለች፤ ያለፋችውን ቆዳ ብዛት ከቀንድ በተሠራው መፋቂያዋ እጀታ ላይ በነጠብጣብ ትመዘግብ ነበር።

ከሩቅ የመጡ ጌጦች

ይህ ልብስ ከዓለም ንግድ የተነጠለ አልነበረም። ትንንሾቹ የመስታወት ዶቃዎች የመጡት ከቬኒስና ከቦሄሚያ ነው። ደረት ላይ በረድፍ የሚደረደሩት ረጃጅም ነጭ ዘንጎች በመጀመሪያ የተሠሩት ከባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት ሲሆን፣ በኒው ጀርሲ የካምቤል ቤተሰብ ወርክሾፕ ዋና አቅራቢ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1880 ወዲህ የአጥንት ዘንግ ተካቸው። አንገት ላይ የሚታየው ትልቅ የብር ሜዳሊያ የአሜሪካ መንግሥት ለመሪዎች የሚሰጠው ነበር፤ በአንድ ወገን የፕሬዚዳንቱ ምስል፣ በአንዳንዶቹ ላይ ደግሞ በሌላው ወገን የተጨባበጡ እጆች ተቀርጸውበታል። መንግሥት ግን እ.ኤ.አ. በ1868 በፎርት ላራሚ ውል ለሱ ሕዝብ ያረጋገጠውን የብላክ ሂልስን ተራሮች ወርቅ ከተገኘ በኋላ ነጠቀ። ሜዳሊያውን ስናይ የተጨባበጡትን እጆችና የፈረሰውን ቃል አብረን ማስታወስ ይገባናል።

ካሜራው ያዛባው

የዚያ ዘመን የፎቶ መስታወት ለሰማያዊ ብርሃን ቶሎ ይነቃል፤ ቀይንና ቢጫን ግን አያይም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሰማያዊ ነጣ ብሎ፣ ቀይና ቢጫ ጠቁረው ይወጣሉ። ያ ሰማያዊና ቢጫ ሸሚዝ በፎቶ ላይ ከላይ ነጣ ያለ፣ ከታች የጠቆረ ሆኖ ይታያል። ጥቁር ካባ የመሰለንም ደማቅ ቀይ ሱፍ ሊሆን ይችላል።

ባለ ፎቶ ቤቶችም የራሳቸውን እጅ አስገብተዋል። ለድርድር ዋሽንግተን የመጡ የነባር ሕዝቦች ልዑካን በተነሧቸው ፎቶዎች አንዱ ሸሚዝ በተለያዩ ሰዎች ላይ ተለብሶ የተገኘበት ጊዜ አለ። መሪዎቹ ግን ዝም ብለው የሚነሡ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1872 በማቲው ብሬዲ ፎቶ ቤት የተነሣው የኦግላላው መሪ ሬድ ክላውድ እስከ ሞተበት 1909 ድረስ ደጋግሞ ካሜራ ፊት ቀርቧል፤ አንዳንዴ በኮትና በሱሪ፣ አንዳንዴ በማዕረግ ልብሱ። ለሕዝቡ የሚሟገት ሰው እንዴት መታየት እንዳለበት ያውቅ ነበር። ከዚህ ብዙው የሆነው መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1883 የፀሐይ ዳንስ የተባለውን ሥርዓተ አምልኮ በከለከለበትና ወንዶች ፀጉራቸውን እንዲቆረጡ በሚገፋበት ዘመን ነው።

ዛሬ

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 29 ቀን 1890 የአሜሪካ ጦር በዉንድድ ኒ በላኮታዎች ላይ ከፈጸመው እልቂት በኋላ ከሟቾች የተገፈፉ ልብሶች በየሙዚየሙ ተበተኑ። አንዱ ሸሚዝ በስኮትላንድ፣ በግላስጎው ከተማ ሙዚየም ከመቶ ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1999 ለላኮታዎች ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ በማሳቹሴትስ፣ ባሪ ከተማ የሚገኝ ትንሽ ሙዚየም 150 ያህል ዕቃዎችን መለሰ። ንስር በአሜሪካ ሕግ የተጠበቀ ወፍ ስለ ሆነ፣ የነባር ሕዝብ አባላት ላባ በአብዛኛው የሚያገኙት በኮሎራዶ ከሚገኘው የመንግሥት ማከማቻ አመልክተው ነው። ላባ ዛሬም ለምረቃ፣ ከጦር ሜዳ ለተመለሰ ወታደርና ለሕዝብ አገልግሎት ይሰጣል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ እንዲህ ያለ ፎቶ ሲያጋጥምዎ «የሕንዶች አለቃ» ብለው አይለፉት። ስሙንና ነገዱን ይፈልጉ፤ ማን እንዳነሣውና የት እንደ ተነሣ ይጠይቁ። ያንን ላባም ለጭፈራና ለቀልድ አይድፉት፤ ባለቤቶቹ ዋጋ የከፈሉበት የክብር ማዕረግ ነውና።