ቀይ ካርድ ወይስ 2 ደቂቃ?

ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ፣ ኔልስፕሩይት ላይ ኢትዮጵያ ከዛምቢያ ጋር ያደረገችውን ጨዋታ የረሳ የኳስ ወዳጅ ጥቂት ነው። ከ31 ዓመት በኋላ የአፍሪካ ዋንጫ ያየንበት የመጀመሪያ ግጥሚያ ነበር። ሳላዲን ሰዒድ የመታውን ፍጹም ቅጣት ምት የዛምቢያው በረኛ ሙዌኔ አዳነው። ትንሽ ቆይቶ የእኛው በረኛ ጀማል ጣሰው ኳስ አወጣለሁ ብሎ ዘሎ የዛምቢያውን ተጫዋች በእግሩ መታ፤ በ35ኛው ደቂቃ ቀይ ካርድ! ዋልያዎቹ ቀሪውን በ10 ሰው ተጫውተው፣ ከእረፍት በፊት ለገባባቸው ጎል አዳነ ግርማ መልስ ሰጥቶላቸው 1 ለ 1 ወጡ።

በእግር ኳስ ቀይ ያየ አይተካም። ጥፋቱ በ3ኛው ደቂቃ ከተፈጸመ ቡድኑ ጨዋታውን በሙሉ ማለት ይቻላል አንድ ሰው ጎድሎት ይጫወታል፤ በ89ኛው ከሆነ ደግሞ ለዕለቱ ቅጣት የለም ማለት ነው። ጥፋቱ አንድ ሆኖ ሳለ ዋጋውን የሚወስነው ሰዓቱ ነው። ይህ ለእኔ የእግር ኳስ ሕግ ዋነኛ ጉድለት ነው።

የበረዶ ሆኪ ቅጣትን በደቂቃ ይሰፍራል። በረዶው ላይ በረኛውን ጨምሮ ከየቡድኑ 6 ሰው ይሰለፋል። ጨዋታው ባለ 20 ደቂቃ ሦስት ክፍል ሲሆን ዳኛው ፊሽካ ሲነፋ ሰዓቱም ይቆማል። ተጋጣሚውን በዱላው የጠለፈ ተጫዋች ሜዳው ዳር ወዳለው የቅጣት ሳጥን ገብቶ 2 ደቂቃ ይቀመጣል፤ እስኪጨርስ በቦታው ማንም አይገባም። ከበድ ላለ ጥፋት 5 ደቂቃ ነው። ተጫዋቹ ጭራሽ ቢባረር እንኳ ቡድኑ ሰው የሚጎድለው ለነዚያ 5 ደቂቃዎች ብቻ ነው። በዚህ ስሌት ዋልያዎቹ በ40ኛው ደቂቃ ላይ ሙሉ ሰው ይኖራቸው ነበር፤ ዛምቢያ ጎሏን ያስቆጠረችው ከዚያ በኋላ ነው።

የ2 ደቂቃው ቅጣት ሌላ ጠባይም አለው፦ በመሃል ጎል ከተቆጠረበት ቡድን የተቀጣው ልጅ ወዲያው ወደ ሜዳ ይመለሳል። ድሮ እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ኅዳር 5 ቀን 1955 የሞንትሪያል ካናዲየንሱ ዣን ቤሊቮ፣ ቦስተን ብሩይንስ በቅጣት ሰው ጎድሎት ሳለ በ44 ሰከንድ ውስጥ ሦስት ጎል አገባ። ሌሎቹ ክለቦች ሞንትሪያልን መቋቋም ስላቃታቸው የሰሜን አሜሪካው ሊግ በ1956 ሕጉን ለወጠ። የ5 ደቂቃው ግን ዛሬም ስንት ጎል ቢገባ አያጥርም።

ጎል መቁጠሩ ላይ ሁለቱ ጨዋታዎች ይስማማሉ፦ ኳሷም ሆነች በሆኪ የኳስን ቦታ የያዘችው ፓክ ሙሉ በሙሉ መስመሩን ማለፍ አለባት። የሆኪው ግብ ግን ወርዱ 1.83፣ ቁመቱ 1.22 ሜትር ነው፤ የእግር ኳሱ 7.32 በ2.44። እዚህ በእጅ ማግባት እንደሚከለከል ሁሉ እዚያ በእግር መትቶ ማግባት ክልክል ነው። ፓኳ በራሷ ጫማ ነክታ ከገባች ግን ትጸድቃለች።

ፍጹም ቅጣት ምት በሁለቱም አለ። የእግር ኳሱ፣ ዊልያም ማክረም የተባለ የአየርላንድ በረኛ ያመጣው ሐሳብ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1891 ሕግ የሆነው፣ ከ11 ሜትር ይመታል፤ በረኛው ከመለሰው ጨዋታው ይቀጥላል። በሆኪ መቺው ፓኳን ከሜዳው መሃል እየነዳ ብቻውን በረኛው ላይ ይመጣል፤ ከተመለሰበት ግን አበቃ፣ ድጋሚ መምታት የለም። በረኛውን አስወጥቶ ተጨማሪ አጥቂ ያስገባ ቡድን ደግሞ ወደ ባዶ ግብ ብቻውን የሚሄድ ተጋጣሚን ከኋላ ጠልፎ ከጣለ፣ ዳኛው ፓኳ ሳትገባም ጎል ይሰጣል።

እ.ኤ.አ. በ2010 የዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ፣ በተጨማሪው ሰዓት ማብቂያ ላይ፣ የኡራጓዩ ሱዋሬዝ የጋናን ጎል መስመሩ ላይ በእጁ ሲያወጣ ይህ የሆኪ ሕግ ትዝ ያለው ሰው ይኖራል። አሳሞአ ጂያን ፍጹም ቅጣት ምቱን አግዳሚው መለሰበትና ጋና በመለያ ምት ወደቀች። ነገር ግን የኡራጓይ በረኛ ሜዳ ላይ ስለነበር በሆኪም ቢሆን ለጋና የሚሰጣት ያው ፍጹም ቅጣት ምት ነበር። ሱዋሬዝም አይባረርም ነበር።