ለአደጋ ጊዜ በሚዘጋጅ ቦርሳ የሥራ ጓንት ለምን ያስፈልጋል?

ለድንገተኛ አደጋ በሚዘጋጅ ቦርሳ ውስጥ ውኃ፣ ደረቅ ምግብ፣ የእጅ ባትሪና የመጀመሪያ ሕክምና መስጫ ቁሳቁስ ሲካተቱ፣ የሥራ ጓንት ግን ብዙውን ጊዜ ይዘነጋል።

ጥር 9 ቀን 1987 ዓ.ም. በጃፓን ኮቤ ከተማና አካባቢዋ በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ከ6 ሺህ 400 በላይ ሰዎች ሕይወታቸው አልፏል። ከፍርስራሽ ሥር በሕይወት ከወጡት አብዛኞቹን ያተረፉት ቤተሰቦቻቸውና ጎረቤቶቻቸው ነበሩ። በኢትዮጵያም ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የመሬት ናዳ በደረሰ ጊዜ፣ ነዋሪዎች ወገኖቻቸውን ለማውጣት አፈሩን በአካፋና በባዶ እጃቸው ቆፍረዋል።

በፍርስራሽ ውስጥ የተሰበረ መስታወት፣ ሚስማር፣ ቆርቆሮና ፌሮ ይገኛሉ። በአፈር የተበከለ ቁስል ለመንጋጋ ቆልፍ በሽታ ያጋልጣል። እጁ የቆሰለ ሰው ደግሞ ሌላውን መርዳቱ ቀርቶ ራሱ ረዳት ይሻል።

ተመራጩ ጓንት መዳፉ በወፍራም ቆዳ የተሠራና በተጠቃሚው እጅ ልክ የሆነ ነው። ስስ የሕክምና ጓንት ከደምና ከፈሳሽ ንክኪ እንጂ ከስለት አያድንም፤ በመሆኑም ሁለቱን ለየብቻ መያዝ ይገባል። ተራ የሥራ ጓንት ከኤሌክትሪክ አደጋ ስለማይከላከል የተበጠሰ ሽቦ መንካት አይገባም።

መሥሪያ ቤቶች ጓንቱን በተቆለፈ መጋዘን ሳይሆን በመውጫ በር አቅራቢያ ቢያስቀምጡት በአስፈላጊው ሰዓት ይገኛል።

ያም ሆኖ ጓንት ጥንቃቄን አይተካም። በጎፋ ለነፍስ አድን ሥራ ከተሰበሰቡት መካከል ብዙዎቹ ሕይወታቸውን ያጡት ተከትሎ በመጣ ሁለተኛ ናዳ ነው። ስለዚህ ወደ ሥፍራው ከመግባት በፊት የመሬቱን ወይም የሕንፃውን ሁኔታ ማረጋገጥ ይቀድማል።