ዲሽ የማያገኛት ሳተላይት

የእኔ እንጀራ ዲሽ ነው። መርካቶ፣ ሲኒማ ራስ አካባቢ ሪሲቨር እጠግናለሁ፤ ሲጠሩኝም የሰው ጣራ ላይ ወጥቼ ሲግናል እፈልጋለሁ። ሕዝቡ ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት በዞረበት ሰሞን ከጣራ የወረድንበት ጊዜ አልነበረም። ግን 57 ዲግሪ ምሥራቅን አግኝተህ ብሎኑን ካጠበቅህ ሥራው አለቀ። ሳተላይቷ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምድር እኩል ስለምትዞር ለእኛ የቆመች ናት።

ኖአ 15 መቆም አታውቅም። አሜሪካኖች ግንቦት 5 ቀን 1990 ዓ.ም. ያመጠቋት ይህች የአየር ሁኔታ ሳተላይት ከፍታዋ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዋልታ ለዋልታ እየሮጠች በ101 ደቂቃ አካባቢ ምድርን ትዞራለች። ከአድማስ ወጥታ እስክትጠልቅ ቢበዛ ሩብ ሰዓት ነው። ስለዚህ አቅጣጫዋን ማወቅ አይበቃም፣ ሰዓቷም መታወቅ አለበት። የምሕዋሯ ቁጥሮች ኢንተርኔት ላይ ይወጣሉ፣ ስልክም ያሰላቸዋል። ቁጥሩ በቆየ መጠን ግን ስሌቱ ይዛባል።

አዲስ አበባ ለዚህ ብዙም አትመችም። ምሕዋሩ ዋልታ ላይ ስለሚገናኝ፣ ሰሜን አውሮፓ ያለ ሰው በብዙው ዙር ያገኛት ነበር። እኛ በቀን ከምትዞረው 14 ዙር ጥሩ የሚሆነን ጥቂቱ ነበር።

መቀበያው ርካሽ ነው። 53 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት የአሉሚኒየም ዘንጎች በ120 ዲግሪ ይከፈታሉ፤ ኮምፒውተር ላይ ቴሌቪዥን ለማየት የተሠራች ትንሽ ዩኤስቢ ሪሲቨር ትታከላለች። መርካቶ ላይ የሚያስቸግረው ሌላ ነው፤ ቆርቆሮው ሲግናል ያንጸባርቃል፣ የርካሽ አምፖልና ቻርጀር ጩኸትም ይረብሻል። የምትልከው 137.62 ሜጋኸርዝ ላይ ነበር፤ ስትቀርብ ፍሪኩዌንሲዋ ትንሽ ከፍ፣ ስትርቅ ዝቅ ይል ነበር፤ አምቡላንስ አጠገብህ ሲያልፍ እንደምትሰማው። በሰከንድ ሁለት የምስል መስመር ትልክ ነበር። የምስሉ አንዱ ነጥብ 4 ኪሎ ሜትር ስለሚሸፍን፣ ያ ሁሉ ጣና ርዝመቱ ሃያ ነጥብ ያህል ነበር!

ሳተላይት መከታተል ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1950ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካው ስሚዝሶኒያን ተቋም ደብረ ዘይት (ቢሾፍቱ) ላይ ቤከር-ነን የተባለ ግዙፍ ካሜራ ተክሎ ነበር። የሚያልፉ ሳተላይቶችን ከከዋክብት ጋር በፊልም ያነሳ ነበር፤ ከዚያ ምሕዋራቸው ይሰላ ነበር። ስለ ቢሾፍቱ ሐይቆች የሚያወራው ሰው ሁሉ ይህን አለማንሳቱ ይገርመኛል።

ኖአ 15 ነሐሴ 13 ቀን 2017 ዓ.ም. ተዘጋች። አሁንም ትዞራለች፣ ስልኩም መምጫዋን ይነግረኛል፤ የምትልከው ግን የለም። በዚያችው አንቴና የሩሲያን ሜቴዮር-ኤም እቀበላለሁ። ዲጂታል ስለሆነ 1 ኪሎ ሜትር ድረስ ይለያል፤ በጥራት አይወዳደሩም። ሲግናሉ ሲደክም ግን ምስሉ ጭራሽ ይቀራል። የኖአ እየተንኮሻኮሸም ይመጣ ስለነበር፣ አንቴናው የት ላይ እንደተሸፈነ ከጭረቱ ይነበብ ነበር። ለጀማሪ ማስተማሪያ እኔ አሮጊቷን እመርጥ ነበር።