በረባሶን ገልብጣችሁ እዩት

በረባሶ ካረጀ የመኪና ጎማ የሚሠራ ክፍት ጫማ ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራ ጎራ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ያውቀዋል እንጂ አያከብረውም፤ «የድሃ ጫማ» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን በቢላና በመዶሻ ብቻ ከተጣለ ነገር ይህን ያህል ብልሃት የወጣበት ሌላ ዕቃ አላየሁም።

ቃላቱን እንኳ ልብ በሉ። መርካቶ፣ ጎማ፣ ከመነዳሪ፦ ሦስቱም ከጣሊያንኛ የገቡ ናቸው። በጎማው ላይ ቢላውን ያሳረፈው ግን የእኛው ሰው ነው።

ጥበቡ ያለው አቆራረጡ ላይ ነው። ጥሩ ባለሙያ ሶሉን የሚያወጣው ጎማው የሚሽከረከርበትን አቅጣጫ ተከትሎ ነው። ያኔ የጎማው ክብነት በጣትና በተረከዝ በኩል ሶሉን በትንሹ ቀና ያደርገዋል፤ እግር መሐሉ ላይ ያርፋል፣ ርምጃም ይቀላል። በችኮላ አግድም የተቆረጠው ግን ጠርዙ ተንጋዶ እግር ያደክማል። ማሰሪያው በጎን በተበሳው ስንጥቅ ገብቶ በሚስማር ይመታል። ውኃ አያበላሸውም፤ ለጭነት መኪና የተሠራ ጥርስ ደግሞ በሰው ክብደት ቶሎ አያልቅም።

«ሽቦ ያለው ጎማ ይበልጥ ይጠነክራል» የሚሉ አሉ፤ ተሳስተዋል። ለበረባሶ የሚሆነው ውስጡ በናይለን ክር የተደራረበው ነው። ሽቦው ለቢላ አስቸጋሪ ነው፤ ሶሉ ሲያልቅ ደግሞ ጫፉ ብቅ ይላል። እኔም አንድ ጊዜ ከመንገድ ዳር ቸኩዬ ገዝቼ በሁለተኛው ሳምንት ሽቦው ተረከዜን ወግቶኛል። ስለዚህ ገልብጣችሁ ሳታዩ አትግዙ፤ የሚያብለጨልጭ ነጥብ ካያችሁ መልሱት።

ዘነበወርቅ አካባቢ ያደገችው ቤተልሔም ጥላሁን በ2004 እ.ኤ.አ. ሶል ሬብልስ የተባለውን የጫማ ድርጅት ስትመሠርት ይህንኑ የጎማ ሶል ይዛ ነው ወደ ዓለም ገበያ የወጣችው። ሶሉ ያው ነው፤ የተለየው ዓይኗ ነው።

ጫማ ሠሪን ማክበር ከሌላው አገር እንማር፤ አውስትራሊያውያን በ1908 እ.ኤ.አ. ለተወለደውና ቆዳ መሥራትን በረሃ ውስጥ ለተማረው ቡት ሠሪ ሬጂናልድ መሪ ዊልያምስ ሙዚየም ሠርተውለታል። የታወቀው ቡቱ ከአንድ ወጥ ቆዳ የሚቆረጥ ነው። የእኛም ሶል ከአንድ ወጥ ጎማ ይቆረጣል፤ የቆራጮቹን ስም ግን የመዘገበ የለም። ለመርካቶ ጫማ ሠሪዎችም በሙዚየም ውስጥ አንድ ክፍል ይሠራላቸው፤ ስማቸው፣ ቢላቸውና መዶሻቸው ይቀመጥ። ዛሬ የሚሠሩት ባለሙያዎች ሳያልፉ ይጀመር።